ለጠፈር ምርምር መሣሪያ የሚሠራ አዲስ ኩባንያ ገንዘቡን ከየት ያገኛል?

ነጋዴ ዕቃ ገዝቶ በሚሸጥበት ጊዜ ገንዘቡ ከእጁ የሚወጣበትና ተመልሶ የሚገባበት ቀን እጅግ የተራራቀ አይደለም። ጨርቅ ያስመጣ ሰው ዕቃው ከወደብ ደርሶ፣ ቀረጡ ተከፍሎ፣ ከመደብሩ እስኪገባ ድረስ የሚቆጥረው ወራትን ነው። ቡና የላከም ሰነዱን ለባንክ አስረክቦ ሒሳቡን የሚጠብቀው ከዚያ ባነሰ ጊዜ ነው። በዛሬው ትምህርታችን የምንመረምረው ንግድ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ ይኸውም በጠፈር ለሚደረግ ሳይንሳዊ ምርምር መሣሪያ ሠርቶ ለማከራየት ወይም ለመሸጥ የሚቋቋም አዲስ ኩባንያ ነው። እንዲህ ያለው ኩባንያ የመጀመሪያውን ወጪ ካወጣበት ቀን አንሥቶ የመጀመሪያውን ገቢ እስኪያገኝ ድረስ ብዙ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። በነዚያ ዓመታት ውስጥ ግን ለመሐንዲስ ደመወዝ፣ ለሠራተኛ ዋጋ፣ ለዕቃና ለቤት ኪራይ በየወሩ ይከፈላል።

ለመሆኑ በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋ ወይም በጎንደር መደብር ከፍቶ ለሚሠራ ሰው የጠፈር ወሬ ምን ይረባዋል የሚል ጥያቄ ከአንባቢዎቻችን ሊነሣ ይችላል። መልሱ አጭር ነው። እንዲህ ያለው ኩባንያ የሚገለገልባቸው የገንዘብ መንገዶች፣ ማለትም አክሲዮን፣ የተፈረመ ውል፣ ቀብድ፣ ኪራይ፣ ብድርና መድን፣ እኛም በየቀኑ የምንሠራባቸው ናቸው። ልዩነቱ በዚያ ንግድ ጊዜው ረጅም፣ ገንዘቡ ብዙ፣ አደጋውም ከባድ ስለሆነ፣ በእኛ ዘንድ ተሸፍኖ የሚያልፈው ጉድለት በዚያ ፈጥኖ መገለጡ ነው። ስለዚህ ከሩቅ አገር ሥራ ለቅርቡ ንግዳችን የሚሆን ትምህርት እናገኝበታለን። የምናቀርባቸው ምሳሌዎች በአሜሪካ የተፈጸሙ ናቸው፤ ዓመታቱም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ተጽፈዋል።

የንግዱ ጠባይ

ምድርን በሚዞር መንኩራኩር ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ ክብደት እንደሌለው ሆኖ ይንሳፈፋል። በዚህም ምክንያት በፈሳሽ ውስጥ ያለ አተላ አይዘቅጥም፤ የሻማ ነበልባል ሽቅብ መዘርጋቱን ትቶ ክብ ይሆናል፤ አንዳንድ ክሪስታሎች በምድር ላይ ከሚያድጉት ይልቅ የተስተካከሉ ሆነው ያድጋሉ፤ የሰው አጥንት ደግሞ ጥንካሬውን እየቀነሰ ይሄዳል። መድኃኒት የሚሠራው ፋብሪካ፣ ስለ ማዕድን የሚያጠናው ሊቅና የሕክምና ተመራማሪው ይህን ሁኔታ ለሙከራቸው ይፈልጉታል። ነገር ግን አንድ ዩኒቨርሲቲ ወይም አንድ ፋብሪካ ለአንድ ሙከራ ሲል መንኩራኩር ሊያመጥቅ አይችልም። የሚያስፈልገው ኤሌክትሪክ ያለው፣ ሙቀቱ የሚጠበቅ፣ የተጓዦቹን ደኅንነት እንደማያሰጋ ተመርምሮ የተፈቀደለት ሳጥን ወይም ክፍል ነው። እንግዲህ አዲሱ ኩባንያ የሚነግደው ይህንኑ ቦታና ከቦታው ጋር የሚሰጠውን አገልግሎት ነው።

ንግዱ ሦስት ችግሮች አሉበት። አንደኛ፣ ዕቃው ከመሄዱ በፊት በሥራ ላይ ውሎ ስለማይታይ ገዢው የሚገዛው በእምነት ነው። ሁለተኛ፣ የጉዞውን ቀን የሚወስነው ኩባንያው ሳይሆን የመንኩራኩሩ ባለቤት ነው፤ ጉዞው አንድ ዓመት ቢዘገይ ወጪው አብሮ አይዘገይም። ሦስተኛ፣ በአንድ ቀን አደጋ የብዙ ዓመት ሥራ ይጠፋል። ገንዘብ የሚሰጥ ሰው ሁሉ በመጀመሪያ የሚያስበው እነዚህን ሦስቱን ነው።

አምስቱ የገንዘብ ምንጮች

የመጀመሪያው ምንጭ የመሥራቾቹ የራሳቸው ኪስና የዘመድ ወዳጅ እርዳታ ነው። ይህ ገንዘብ ጥቂት ቢሆንም ዋጋው ብዙ ነው፤ የራሱን ገንዘብ ያላወጣ ሰው የሌላውን ገንዘብ ሲጠይቅ የሚያምነው አያገኝምና።

ሁለተኛው ከመንግሥት የሚገኝ የምርምር ገንዘብ ነው። በአሜሪካ በ1982 የወጣ ሕግ ታላላቅ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለምርምር ከሚመደብላቸው ገንዘብ ጥቂቱን እጅ ለትናንሽ ኩባንያዎች እንዲያውሉ አዘዘ። ናሳ ተብሎ የሚጠራው የአሜሪካ የጠፈር ድርጅትም ከነዚህ መሥሪያ ቤቶች አንዱ ሆነ። አሰጣጡ በደረጃ ነበር፤ መጀመሪያ ሐሳቡ ይሠራ እንደሆነ ለመመርመር ጥቂት ገንዘብ ይሰጣል፤ ቀጥሎ ናሙናውን ለመሥራት ከፍ ያለ ገንዘብ ይጨመራል፤ በሦስተኛው ደረጃ ግን ኩባንያው ከገበያ ወይም ከሌላ ወገን ገንዘብ ፈልጎ እንዲቆም ይጠበቅበታል። የዚህ ገንዘብ ጥቅም መንግሥት በምላሹ የኩባንያውን ድርሻ አለመውሰዱ ነው። ጉድለቱ ደግሞ ናሙና መሠራቱ ገዢ መኖሩን አለማረጋገጡ ነው።

ሦስተኛው ምንጭ አክሲዮን ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ አንዱ ብቻውን የማይችለውን ኪሣራ ብዙዎች ተካፍለው ይችሉታል። ይሁን እንጂ አክሲዮን የሚሸጥ ሰው ንብረቱን እየከፈለ መሸጡን መርሳት የለበትም። ለምሳሌ፣ መሥራቾቹ ሙሉውን መቶ እጅ ይዘው በመጀመሪያው ዙር አዲስ ገቢዎች ከኩባንያው ሃያ አምስት እጅ እንዲይዙ ቢስማሙ፣ ሰባ አምስት እጅ ይቀራቸዋል። በሁለተኛው ዙር እንደገና ሌሎች ገብተው ሃያ እጅ ቢይዙ፣ የመሥራቾቹ ድርሻ ወደ ስድሳ ይወርዳል። መሣሪያው ገና ሳይሠራ ሦስትና አራት ዙር ያለፈ እንደሆነ አዛዥነቱ ከመሥራቾቹ እጅ ሊወጣ ይችላል። ስለሆነም ብልህ መሥራች አክሲዮኑን የሚሸጠው አንድ የሚታይ ሥራ ከፈጸመ በኋላ፣ ዋጋው ከፍ ባለ ጊዜ ነው።

አራተኛው የባንክ ብድር ነው። ባንክ የሚመለከተው ሁለት ነገር ነው፤ ማስያዣውንና ገንዘቡ የሚመለስበትን ቀን። ቤት ወይም መጋዘን የተያዘ እንደሆነ ባንኩ በሐራጅ ይሸጠዋል፤ ምድርን የሚዞር ሳጥን ግን ማንም ሊረከበው አይችልም። በዚህ ምክንያት ለአዲስ የጠፈር ኩባንያ ባዶ እጁን ወደ ባንክ መሄድ አይረባውም።

አምስተኛው፣ ከሁሉም ይልቅ የሚበልጠው፣ የደንበኛ ውል ነው። አስመጪ ነጋዴ ባንኩ የከፈተለትን ኤልሲ ሲያሳይ የውጭ አገሩ ሻጭ ዕቃውን ለመጫን እንደሚደፍር ሁሉ፣ ታማኝ ደንበኛ የፈረመበትን ውል የያዘ ኩባንያም ባለ አክሲዮን፣ ባንክና የዕቃ አቅራቢ ዘንድ ይደመጣል። ውሉ ራሱ ገንዘብ አይደለም፤ ነገር ግን ሌላውን ገንዘብ ይጠራል። ይህ እንዴት እንደሚሆን ቀጥሎ ያለው ታሪክ ያስረዳል።

የስፔስሃብ ታሪክ

በ1984 ሮበርት ሲትሮን የተባለ አሜሪካዊ ስፔስሃብ የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ። መጀመሪያ የታሰበው በናሳ መንኩራኩር የጭነት ክፍል ውስጥ መንገደኞችን የሚይዝ ክፍል ለመሥራት ነበር። ኋላ ግን ሐሳቡ ተለውጦ ክፍሉ ለተመራማሪዎች የሚከራይ ቤተ ሙከራ እንዲሆን ተወሰነ። የለውጡም ምክንያት በመንኩራኩሩ የተጓዦች ክፍል ውስጥ ለሙከራ የሚሆኑት ሳጥኖች ጥቂት ሲሆኑ ፈላጊው ብዙ መሆኑ ነው። ኩባንያው የራሱን ፋብሪካ አልሠራም፤ ሥራውን በጣሊያን አገር በቶሪኖ ከተማ ለሚገኘው ለአሌኒያና በአሜሪካ ለማክዶኔል ዳግላስ ሰጠ። ፋብሪካ ላለው ሰው ሥራ መስጠት፣ ፋብሪካ ለመትከል ከሚወጣው ገንዘብ ያድናልና ይህ የነጋዴ ብልሃት ነበር።

በ1990 ናሳ ከስፔስሃብ ጋር ወደ 184 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ የኪራይ ውል ተዋዋለ። በውሉ መሠረት ናሳ በመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች ከክፍሉ ቦታ ከሦስት ሁለቱን እጅ ይከራያል፤ የቀረውን አንድ እጅ ኩባንያው ለግል ደንበኞች ያከራያል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ መንግሥቱ ክፍሉን አለመግዛቱ ነው። ቢገዛው ኖሮ የሥራውን ዝርዝር ሁሉ እየተቆጣጠረ፣ ለውጡንና ጭማሪውን ሁሉ እየከፈለ ይሄድ ነበር። ስለተከራየው ግን ለተገለገለበት ቦታ ብቻ ከፈለ፤ የሥራው ወጪ ከታሰበው በላይ ቢሆን ጉዳቱ የባለቤቱ ነው። ፕራይስ ዋተርሃውስ የተባለው የሒሳብ መርማሪ ድርጅት በጊዜው ባደረገው ጥናት፣ ናሳ ይህንኑ ክፍል በተለመደው የመንግሥት አሠራር ቢያሠራው ኖሮ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ይፈጅ እንደነበር ገምቷል። የኩባንያው ወጪ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነበር።

የመጀመሪያው ክፍል በሰኔ ወር 1993 ኢንዴቨር በተባለው መንኩራኩር ወደ ጠፈር ወጣ። ኩባንያው ከተቋቋመ ዘጠኝ ዓመት፣ ውሉም ከተፈረመ ወደ ሦስት ዓመት መሆኑ ነው። በ1995 መጨረሻ ስፔስሃብ አክሲዮኑን ለሕዝብ ገበያ አቀረበ፤ በ1996ም ክፍሎቹ ሚር ወደተባለው የሩሲያ የጠፈር ጣቢያ ስንቅና ዕቃ ማመላለስ ጀመሩ። በዚህ ጊዜ አንድ ውል የአንድን አዲስ ኩባንያ ዕድል እንዴት እንደሚለውጥ ለሁሉ ታየ።

ነገር ግን የመልካሙ ሥራ ሁለት ጉድለቶች በዚያው ተሸፍነው ነበር።

አንደኛው፣ ለግል ደንበኞች ይከራያል የተባለው ቦታ እንደታሰበው ፈላጊ አለማግኘቱ ነው። ፋብሪካዎቹ ስለ ጠፈር ምርምር በደስታ ይናገሩ እንጂ ገንዘብ ለማውጣት የደፈሩት ጥቂቶች ነበሩ። ስለዚህ ናሳ ከመጀመሪያ ደንበኝነት አልፎ ዋና ደንበኛ ሆኖ ቀረ። ከአንድ ደንበኛ የሚኖር ነጋዴ ደግሞ የዚያ ደንበኛ ቤት በተናጋ ቀን አብሮ ይናጋል።

ሁለተኛው ጉድለት በመድኑ ላይ ነበር። በጥር 16 ቀን 2003 ኮሎምቢያ የተባለው መንኩራኩር ወደ ሰማኒያ የሚሆኑ ሙከራዎችን ይዞ ተነሣ፤ በውስጡም ስፔስሃብ ለምርምር የሠራው አዲሱ ድርብ ክፍል የመጀመሪያ ጉዞውን ያደርግ ነበር። በየካቲት 1 ቀን ሲመለስ መንኩራኩሩ በሰማይ ላይ ተሰባብሮ ሰባቱም ተጓዦች ሞቱ። የሰዎቹን ሕይወት የሚተካ ገንዘብ የለም። ስለ ንብረቱ ግን የሚከተለው ሆነ። ክፍሉ መድን የተገባለት በ17.7 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነበር። ኩባንያው ከዚህ የሚበልጥ ጉዳት ደርሶብኛል በማለት ከናሳ 87.7 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ጠየቀ። ናሳ ግን በውሉ ለተወሰነው የካሣ ጣሪያ እንጂ ከዚያ በላይ ኃላፊ አይደለሁም ሲል መልሶ፣ በ2004 የከፈለው 8.2 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ሆነ። ይህም ከተጠየቀው አንድ አሥረኛውን እንኳ አይሞላም።

ውሉ ኩባንያውን እንዳቆመው ሁሉ፣ በዚያው ውል ውስጥ ያለች አንዲት አንቀጽ በክፉ ቀን ጎዳችው። ኪራዩን ያነበበ ሰው ሁሉ የካሣውን አንቀጽ በእኩል ትጋት አያነብምና። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» የሚለው ያገራችን ተረት ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

የስፔስሃብ ክፍል የመጨረሻ ጉዞውን ያደረገው በ2007 ነው። ከዚያ በኋላ ኩባንያው የተደገፈው በ1997 በገዛው በሌላ ሥራ ነበር፤ ይኸውም አስትሮቴክ የሚባል፣ ሳተላይቶች ወደ ማምጠቂያው ከመሄዳቸው በፊት የሚዘጋጁበት አዳራሽ ነው። በ2009 የኩባንያው ስም ራሱ ወደ አስትሮቴክ ተለወጠ፤ የአዳራሹም ሥራ በ2014 ለሎክሂድ ማርቲን በ61 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። በሰማይ ያለው ክፍል ስም ሲያተርፍ፣ በምድር ላይ ያለው መጋዘን ደመወዝ ይከፍል ነበር።

ከጥቂት የጀመረው ናኖራክስ

ከዚህ ጋር ለማነጻጸር የሌላ ኩባንያ መንገድ እንመልከት። ናኖራክስ በ2009 ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ጄፍሪ ማንበር ነበር። ይህ ኩባንያ ከናሳ ጋር የተዋዋለው ገንዘብ ለመቀበል አልነበረም። ናሳ በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ቦታ ሰጠው፤ ኩባንያው ደግሞ መሣሪያውን በራሱ ወጪ ሠርቶ ደንበኛ ሊፈልግ ተስማማ። በ2010 የመጀመሪያው መደርደሪያ ወደ ጣቢያው ደረሰ። መደርደሪያው እያንዳንዱ ጎኑ ወደ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ትናንሽ ሳጥን የሚሰካበት ሲሆን፣ ኤሌክትሪኩና የመረጃው መስመር በተለመደው የኮምፒዩተር ገመድ ይገናኝ ነበር።

የብልሃቱ ሥር ልኩን አንድ ማድረጉ ላይ ነው። ሳጥኑ ሁሉ እኩል ከሆነ ለእያንዳንዱ ደንበኛ አዲስ ሥዕልና አዲስ ፈቃድ እንደ አዲስ ከመጀመር ይዳናል፤ ዋጋውም ይወርዳል። ዋጋው ሲወርድ ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ሳይሆኑ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም ደንበኛ ሆኑ። ስለዚህ የናኖራክስ ገቢ ከብዙ ትናንሽ ደንበኞች ተጠራቀመ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ትልቁ ሥራ የተሸጋገረው። በታኅሣሥ 2020 ቢሾፕ የተባለውን፣ ሳተላይቶችንና ዕቃዎችን ከጣቢያው ወደ ውጭ ለማውጣት የሚያገለግለውን የግል በር ወደ ጣቢያው ላከ። የበሩንም ቅርፊት የሠራው ከዚያው ከቶሪኖ ፋብሪካ ጋር የተያያዘው ታለስ አሌኒያ ስፔስ ነው። በ2021 ቮዬጀር የተባለ ኩባንያ የናኖራክስን አብላጫ ድርሻ ያዘ፤ ቀደም ብለው ገንዘባቸውን ያገቡ ሰዎችም የሚጠብቁት እንዲህ ያለውን ቀን ነው።

ሁለቱ ኩባንያዎች ሲነጻጸሩ ልዩነታቸው ግልጽ ነው። ስፔስሃብ በትልቅ ውል ትልቅ ዕቃ ሠራ፤ ናኖራክስ በትንሽ ዕቃ ብዙ ደንበኛ ፈልጎ ከዚያ ወደ ትልቁ ሄደ። የመጀመሪያው መንገድ ፈጥኖ ከፍ ያደርጋል፤ ሁለተኛው አዝግሞ ይሄዳል፤ ነገር ግን ከአንድ ደንበኛ ወይም ከአንድ ጉዞ ጋር አብሮ አይወድቅም።

ገንዘብ ከማውጣት በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በላይ ከተነገረው የሚወጡት ጥያቄዎች ለጠፈር ኩባንያ ብቻ ሳይሆን፣ ነጋዴ ገንዘቡን ለሚያገባበት ለማንኛውም አዲስ ሥራ ይሆናሉ።

1ኛ/ የመጀመሪያው ደንበኛ ማን ነው? ፈርሟል ወይስ አሞግሶ ሄዷል? ሙገሳ በባንክ አይመነዘርም።

2ኛ/ ክፍያው በምን ደረጃ ይፈጸማል? ሥዕሉ ሲያልቅ፣ ናሙናው ሲፈተን፣ ዕቃው ሲላክ እየተባለ የሚከፈል ከሆነ ኩባንያው በመካከል አይደርቅም። ሁሉም መጨረሻ ላይ የሚከፈል ከሆነ ግን የመካከሉን ዓመታት የሚሸፍን ሌላ ገንዘብ አስቀድሞ መገኘት አለበት።

3ኛ/ ቀኑ ቢዘገይ ገንዘቡ ለስንት ወር ይበቃል? በወር 200,000 ብር የሚያወጣ ኩባንያ 2,400,000 ብር ቢኖረው ዕድሜው 12 ወር ነው። ጉዞው ወይም መርከቡ 18 ወር የዘገየ እንደሆነ፣ ዕቃው መልካም ቢሆንም ኩባንያው ከዕቃው በፊት ይሞታል።

4ኛ/ ከገቢው ስንት እጁ ከአንድ ደንበኛ ነው? ያ ደንበኛ ነገ ቢቀር የሚከፈለው ደመወዝ ከየት ይመጣል?

5ኛ/ መድኑ የጠፋውን ዕቃ ለመተካት ይበቃል ወይ? በተለመደው የመድን ደንብ 1,000,000 ብር የሚያወጣ ዕቃ በ400,000 ብር ብቻ መድን ቢገባለትና በዕቃው ላይ የ200,000 ብር ጉዳት ቢደርስ፣ የሚከፈለው በተመጣጣኙ ተሰልቶ 80,000 ብር ነው። የቀረውን 120,000 ብር ባለቤቱ ራሱ ይችላል። ለመድን ጥቂት ወጪ ለማዳን ሲባል ዋጋን አሳንሶ ማስመዝገብ፣ አደጋው በደረሰ ቀን ለራስ ዕዳ መጻፍ ማለት ነው።

6ኛ/ በውሉ ውስጥ የካሣ ጣሪያ ተጽፏል ወይ? ከተጻፈ ከጣሪያው በላይ ያለውን ጉዳት በመድን መሸፈን የባለቤቱ ፈንታ ነው። ስፔስሃብን የጎዳው ይህ ክፍት ቦታ ነበር።

እነዚህን ስድስት ጥያቄዎች በወረቀት ጽፎ፣ በእያንዳንዱ ትይዩ መልሱን ማስፈር ግማሽ ቀን አይፈጅም። መልስ ያልተገኘለት ጥያቄ ያለ እንደሆነ፣ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት መሥራቾቹን ጠርቶ መጠየቅ ያስከብራል እንጂ አያስነውርም። በቂ መልስ ያለው መሥራች በጥያቄው አይከፋም።

ለማጠቃለል፣ አዲስ ሥራን የሚያቆመው ከሁሉ አስቀድሞ የታመነ ደንበኛ ውል ነው፤ አክሲዮንም ብድርም ይህን ተከትለው ይመጣሉ። ሥራውን በክፉ ቀን የሚያድነው ደግሞ የደንበኞች ብዛትና ዕቃውን የሚተካ መድን ነው። ዕቃው በመንኩራኩር ቢጫን ወይም ከጅቡቲ ወደብ በመኪና ቢመጣ፣ ይህ ሒሳብ አይለወጥም። በመደብራችሁና በመጋዘናችሁ ያለው ዕቃ በስንት ብር መድን እንደተገባለትና ዛሬ በስንት ብር እንደሚተካ፣ የመድን ሰነዱን አውጥታችሁ እንድታስተያዩ እናሳስባለን።